ልጁ ያውቃል

የአዲስ አበባን ባለ መኪና ስለ መኪናው ማስወራት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ማስቆሙ ነው። ስንት እንደገዛት፣ ዛሬ ስንት እንደምታወጣ፣ ማን ስንት ጨምሮ ለምኖት እምቢ እንዳለ፣ ሰው ተጠቅጥቆባት ሐዋሳ ደርሳ ስትመለስ አንዴ እንኳ «እህ» እንዳላለች ይተርክላችኋል። የሻንሲ ቁጥሯን ከልጆቹ የልደት ቀን አስበልጦ በቃሉ የያዘ ወዳጅ አለኝ። ይህንኑ ወዳጄን «ጎማዎቿ ስንት ንፋስ ይይዛሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። አንገቱን አከከ። ከዚያ ዕዳ እንደተሰረዘለት ሰው ፊቱ በራና «ልጁ ያውቃል» አለኝ።

«ልጁ» ማለት ጎሚስታው ነው። በየሰፈሩ አንድ ልጁ አለ። ከፊቱ አሮጌ ጎማ ተደራርቦ፣ ከጎኑ ኮምፕረሰር እየተንተከተከ፣ ቀዳዳ የሚፈለግበት ጥቁር ውኃ በበርሜል ተሞልቶ ይገኛል። «ልጁ» ለመባል ዕድሜ አይጠየቅም፤ የልጅ ልጅ ያየ፣ ጢሙ የሸበተ «ልጁ» አውቃለሁ። ለወንድሙ ቁልፉን የማያውስ ሰው ነፍሱን ለልጁ አስረክቦ ማኪያቶ ሊጠጣ ይሄዳል። ልጁ በበኩሉ ቱቦውን ቫልቩ ላይ ይሰካል፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ያጣብቃል፣ ትናንት ማታ ስለተሸነፈው የእንግሊዝ ክለብ እየተከራከረ ይሞላል። መለኪያ አለው፤ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ግን ቆይቷል። በመጨረሻ ጎማውን በጫማው ጫፍ ሁለቴ ይመታና «አሪፍ ነው ጋሼ» ይላል። በዚህ ምርመራ ቪትዝም፣ ሚኒባስም፣ ቲማቲም የጫነ አይሱዙም እኩል ያልፋሉ።

በልጁ አልፈርድም። «ስንት ልሙላ?» ብሎ የሚጠይቅም አለ እኮ። የሚያገኘው መልስ «አንተ ታውቅ የለ እንዴ!» ነው። ባለቤቱ ልጁን፣ ልጁ ባለቤቱን ያምናል፤ በመሃሉ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ ከመነሻውም የልጅ ጉዳይ ነበር። በ1888 እ.ኤ.አ. ቤልፋስት ከተማ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ሐኪም (የእንስሳት ሐኪም ነው ታዲያ) ለትንሽ ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ንፋስ የሚሞላ ጎማ ሠርቶ ገጠመለት። ዛሬ ዓለም የሚንከባለልበት ጎማ ገበያ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን የገባችው የሰርኪስ ባቡር እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረባትም፤ እግሯ ብረት ነው፣ አይተነፍስም። እኛ ግን በንፋስ ላይ የተቀመጥን ሕዝቦች ነን፤ ማጋነን ከመሰላችሁ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

አንዲት ቪትዝ ወደ 1 ሺህ ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ለአራት ጎማ ሲካፈል ለአንዱ 250 ኪሎ ይደርሰዋል። በደንብ የተሞላ ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2.2 ኪሎ ያህል ይሸከማል። 250ን ለ2.2 ስታካፍሉት 114 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ የእናንተ መዳፍ ነው። እናንተ፣ ባለቤታችሁ፣ ከኋላ የሚጣሉት ልጆች፣ መቂ ላይ ረከሰ ተብሎ የተገዛው ሽንኩርት፣ ሁላችሁም መሬት የያዛችሁት በአራት መዳፍ ነው። ፍሬን ቢረገጥ፣ መሪ ቢጠመዘዝ፣ ማርሽ ቢገባ፣ ዳገት ላይ ቢቆም፣ የሁሉም ትእዛዝ መጨረሻ እነዚያ አራት መዳፎች ዘንድ ነው። እነሱ «አንችልም» ካሉ ይግባኝ የለም። እኛ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የምናስወለውለው ኮፈኑን ነው።

ስንት እንደሚሞላ የተጻፈው መኪናዋ ላይ ነው። የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች። የወዳጄ ቪትዝ ግን ጃፓን ተሠርታ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ናት፤ መሪው ሲዞር ወረቀቷ አልተከተለችም፣ በሚስቱ ወንበር በኩል ቀርታለች። ጽሑፉ ደግሞ ጃፓንኛ ነው። ወዳጄ እስከዚያች ቀን ድረስ ጃፓኖች ለመንገደኛ የሚለጥፉት ጸሎት ይመስለው ነበር። ቁጥሩን አብረን አነበብነው፤ 220 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ወደ 32 ፒኤስአይ። ይህ ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከቤት ሳይርቁ የሚለካ ነው። ጎማው ጎን ላይ የሚታየው 44 ወይም 51 የሚል ቁጥር ሌላ ነገር ነው፤ ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ እንጂ የመኪናዋ ልክ አይደለም። ይህን ቁጥር አይቶ «ፋብሪካው ራሱ ብሏል» እያለ የሚያስሞላ ሰው አለ። መኪናው በየኮብልስቶኑ እንደ ሚዳቋ ይዘላል፤ እሱ ሾክ አብሶርበር ያስቀይራል።

እዚህ ላይ ጋሽ አሰብን ላስተዋውቃችሁ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሰፈሩ «አሰብ» ያላቸው ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው ይዘው ዕድሜያቸውን አሰብ ስለተመላለሱ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ እሳቸውም መሪ ጨበጣ አቆሙ። አስተያየት መስጠት ግን አላቆሙም። በሰፈራችን መኪና ተበላሽቶ እሳቸው ሳይደርሱ የተነሣበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ድሬዳዋ ለቅሶ ለመድረስ በወዳጄ ቪትዝ አብረን ወረድን። አዋሽ ሰባት ላይ ለምሳ ስንቆም ወዳጄ ጎማውን በእጁ ነካ አድርጎ «ኧረ ይሄ እሳት ሆኗል! ሊፈነዳ ነው» ብሎ በድንጋጤ መለኪያ ተዋሰ። 38 አነበበ። ጠዋት 32 አድርገን ነበር የወጣነው። ወዲያው የቁልፉን ጫፍ ቫልቩ ላይ ጣል አድርጎ ሊያስተነፍስ ሲያጎነብስ ጋሽ አሰብ ከነእንጀራቸው ተነሡ።

«እጅህን አንሣ! ምኑን ነው የምታስተነፍሰው?»

«ጋሼ፣ ስድስት ጨምሯል እኮ!»

«መጨመሩ ነው ጤናው። አንተ አዋሽ ወርደህ ካፖርት አውልቀህ የለም? እሱም ሞቆት ነው።»

ነገሩን በኋላ ተቀምጬ ሳሰላው ጋሽ አሰብ ልክ ናቸው። ጎማ በየ6 ዲግሪ ሙቀቱ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ማለዳ 12 ዲግሪ፣ አዋሽ 35 ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሚሆነውን ያመጣው የአገሩ ፀሐይ ነው። ከ2 ሺህ 300 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ሺህ ሜትር ግድም ሲወረድ ደግሞ የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 2 ዝቅ ብሎ ያነባል። ፀሐዩ የሰጠውን ቁልቁለቱ ግማሹን መለሰ ማለት ነው። የቀረው ጎማው ራሱ እየተንከባለለ ያመጣው ሙቀት ነው፤ ጎማ ሠሪዎች ይህን ሁሉ አስበው ነው ሳይሞቅ ለኩት የሚሉት። በረሃ ላይ ጎማ የሚያፈነዳው ብዙ ጊዜ የንፋስ ማነስ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በእያንዳንዷ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፤ በመታጠፉ ይሞቃል፣ በመሞቁ ይላላል፣ በመጨረሻ ይፈነዳል። ትኩስ ጎማ ማስተንፈስ እንግዲህ ላበው ተብሎ የታዘነለትን ሰው ይበልጥ ማሯሯጥ ነው። ጎማው ከፈነዳ በኋላ ሾፌሩ «ንፋስ በዝቶበት ነው» ይላል፤ የሚመረምረው የለም፣ ማስረጃው ሜዳ ላይ ተበትኗል።

ጋሽ አሰብ ሌላም ሙያ አላቸው፤ ጎማ ያነባሉ። ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ባዩ ቁጥር ቁጢጥ ብለው የጎማውን ጥርስ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ሁለቱ ዳር ተበልቶ መሃሉ ከቆመ «ይሄ ንፋስ የተራበ ነው» ይላሉ። መሃሉ አልቆ ዳሩ ከቆመ «ይሄ ጠግቦ የሚኖር ነው»። አንዱ ጎን ብቻ ከተበላ «አላይመንቱ ዞሯል፣ ጉድጓድ አይቶ አያውቅም ማለት ነው፣ ብቻ ይገባበታል»። እዚህም እዚያም ሰርጎድ ሰርጎድ ካለ ሾክ አብሶርበሩ ሞቶ ሳይቀበር የሚነዳ ነው። በጎኑ ላይ እብጠት ካዩ ግን ቀልዱን ይተዉታል። እብጠት ማለት ጠርዝ ወይም ጉድጓድ መትቶት ውስጥ ውስጡን ክሩ ተበጥሷል፣ ንፋሱን የያዘው ስሱ ጎማ ብቻ ነው። በመሃል በጥርሱ በኩል የገባ ሚስማር ይለጠፋል፤ ጎኑ የተጎዳ ጎማ አይለጠፍም። አንዱ «ጋሼ፣ ለከተማ ብቻ ብነዳውስ?» ቢላቸው «ከተማ ውስጥ ሰው የለም?» አሉት።

ጥርሱ ማለቁን ለማወቅ የእሳቸው ጣት የግድ አያስፈልግም። በጥርሶቹ መሃል ባለው ቦይ ውስጥ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያሉ ድልድዮች ከፋብሪካ ተሠርተዋል፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከድልድዩ እኩል ሲሆን ጎማው በሐምሌ ዝናብ ውኃ መቅዘፉ ያበቃል፤ አስፋልቱ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይረግጥም። መላጣ ጎማ ዕድሉ መርካቶ ወርዶ ምናለሽ ተራ በረባሶ መሆን ነው፤ እዚያ የጨዋ ሥራ ይሠራል።

መርካቶ ስል አንድ የጎማ ግዢ ትዝ አለኝ። ወዳጄን አጅቤ ነው የሄድኩት። ነጋዴው ጎማውን በጥቁር ቀለም ወልውሎ ከፀሐይ ላይ አቁሞታል፣ ያብረቀርቃል። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደሎች መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 1412። ወዳጄ ቁጥሩን ጠቆመና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«14 ማለት ቁጥሩ ነዋ! ያንተ መኪና 14 ጎማ አይደል የምታደርገው?»

«ነው።»

«በቃ። 12 ደግሞ የተሠራበት ዓመት ነው። 2012። ገና ትኩስ ነው፣ ወንድሜ፣ ጋራዥ አላየም።»

ወዳጄ በጣቱ ቆጠረ፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ አይደለም፣ ደስ አለው። ነጋዴው ግማሹን እውነት ተናግሯል፤ 12 ዓመቱ ነው። ችግሩ ጎማ ፋብሪካ መስከረም አንድ አደይ አበባ ይዞ አለመዞሩ ነው። ቁጥሩ የፈረንጆች ነው። 14 ሳምንቱ ነው፣ 12 ዓመቱ፤ ጎማው የተሠራው በ2012 እ.ኤ.አ. በ14ኛው ሳምንት፣ በኛ ደግሞ በመጋቢት 2004 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በሁለቱ ዘመን አቆጣጠር መሃል ያሉት ሰባትና ስምንት ዓመታት የጠፉት እንግዲህ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። ጎማ ተቀምጦም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። አምራቾች ከተሠራ 10 ዓመት ያለፈውን ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አውልቁት ይላሉ፤ ይህ መኪናው ሆድ ውስጥ አንድ ቀን ሳይነካ የተኛውን ተቀያሪ ጎማም ይጨምራል። የመኪናዋ የጎማ ልክ ሌላ ቦታ በግልጽ ተጽፏል፤ 165/70ር14 ቢል ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ኢንች ነው። ይህን ለነጋዴው ስነግረው ቅር አላለውም፣ እንዲያውም አዘነልኝ። «አንተ የፈረንጅ ሆነህ ነው የምትኖረው» አለና ለሚቀጥለው ደንበኛ 1412ን መወልወል ጀመረ።

ጎማው ተገዝቶ፣ ተሞልቶ፣ ሄዶ ሄዶ መቆም አለበት። ማቆምን በተመለከተ አዲስ አበባ ትልቅ ትምህርት ቤት አላት፤ መምህራኑ «ና፣ ና፣ ና» ባዮቹ ናቸው። «ና፣ ና፣ ና፣ ቁረጠው፣ ሙሉ ቁረጠው፣ መልስ፣ ና፣ ና...» ይላሉ። «በቃ!» የሚሉት ከግንቡ ጋር ከተገናኛችሁ በኋላ ነው፤ በነሱ ቋንቋ «በቃ» ማሳወቂያ እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ደግነቱ ሜዳ ላይ ከሆነ ጉዳቱ ፓራውልት ነው። ዳገት ላይ ሲሆን ግን መኪናን ማቆም ሌላ ሙያ ነው፤ ይህች ከተማ ደግሞ ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ ዳገት ናት።

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት አስቡት። ሰውየው አውቶማቲክ መኪናውን ያቆማል። ፒ ላይ ያስገባል፣ እግሩን ከፍሬን ያነሣል፣ መኪናው አንድ ስንዝር ሸርተት ብሎ «ቀጭ» ይልና ይቆማል፤ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ለደንቡ ያህል ይስባል። ሲመለስ ፒን ለማስለቀቅ ይታገላል፣ ማርሹ «ቋ!» ብሎ ይወጣል። ያ «ቋ» የካምቢዮው ጩኸት ነው። ፒ ማለት ካምቢዮ ውስጥ ያለች አንዲት የጣት ያህል ብረት ጥርስ ናት፤ ከአንድ ጥርሳም ክብ ብረት ጋር ትቆላለፋለች፣ ሌላ ምሥጢር የላትም። መላውን መኪና ከነሽንኩርቱ በዚያች ጣት ላይ ሰቅለን ምሳ እንበላለን። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ እግር ፍሬን ላይ እያለ ማርሹን ፎሌ ማድረግ፣ የእጅ ፍሬኑን መሳብ፣ እግርን ቀስ አድርጎ አንሥቶ መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ እንዲያርፍ መተው፣ ከዚያ ፒ። ጣቷ ለክፉ ቀን ትቀመጥ። ማርሽ የሚቀየርበት መኪና የያዘ ሽቅብ ሲያቆም አንደኛ፣ ቁልቁል ሲያቆም የኋላ ማርሽ አስገብቶ ይወርዳል።

መሪውም ሥራ አለው። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነውና የምንነዳው፣ ቁልቁል ስናቆም የፊት ጎማዎችን ወደ ቀኝ፣ ወደ ጠርዙ ማዞር ነው፤ መኪናው ቢያመልጥ ጠርዙን ተደግፎ ይቆማል። ሽቅብ ከሆነና ጠርዝ ካለ ወደ ግራ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ቢንሸራተት የጎማው ጀርባ ጠርዙን ያገኛል። ጠርዝ ከሌለ ሽቅብም ቢሆን ወደ ቀኝ። የኮሪደር ልማቱ ባለፈባቸው መንገዶች ደህና ጠርዝ አለ። በኔ ሰፈር ጠርዝ የለም፣ ቦይ ነው ያለው። ጎረቤቴ «ወደ ቀኝ አዙሬ ቦይ ውስጥ ልግባ?» ብሎ ተከራከረኝ። ካላዞረ መኪናዋ የምትገጨው የማን አጥር መሆኑን እኔም እሱም እናውቃለን፤ ሴትየዋ ጠበቃ ናቸው። አሁን ወደ ቀኝ እያዞረ ያቆማል፣ ከጎማው ሥርም ድንጋይ ያደርጋል።

ድንጋዩ የጋሽ አሰብ ሃይማኖት ነው። በእሳቸው ዘመን ኤንትሬ ዳገት ላይ ሲቆም ሾፌሩ ገና ፍሬን ሳይለቅ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘሎ ይወርዳል። ረዳት የሚቀጠረው በዚህ ፈተና ነው፤ ማንበብ ባይችል ግድ የለም፣ ታኮ ግን ከመኪናው መቅደም አለበት። «የሰው ልጅ ፍሬን ሠራ፣ እግዜር ድንጋይ ሠራ» ይላሉ፤ የማን ዕቃ እንደሚበላሽ ለናንተ ትተዋለሁ።

ታኮው ለምን እንዳላለፈበት የገባኝ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ አንድ ጎማ ሲቀየር አይቼ ነው። የተነፈሰው የፊት ጎማ ነበር። መኪና ሲቆም በኢትዮጵያ መሐንዲስ ከመሬት ይበቅላል፤ በደቂቃ ውስጥ ስምንት ሰው ተሰበሰበ፣ ሎተሪ አዟሪው ሳይቀር ክሪኩ የት መግባት እንዳለበት ያዝዛል። አንዱ የእጅ ፍሬኑን ሊስብ ሲል ሌላው «ተወው፣ ማርሽ አስገብቻታለሁ፣ ወዴት ትሄዳለች?» አለው። ጋሽ አሰብ ብድግ አሉ። እንዲህ ሲናደዱ አይቻቸው አላውቅም።

ነገሩ ዲፈረንሻል ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ብዙ፣ የውስጡ ጥቂት ይሄዳል፤ ሁለቱን በአንድ ዘንግ ብታስሯቸው አንዱ ይጎተታል። ስለዚህ ከካምቢዮው የሚመጣውን ኃይል ተቀብሎ ለሁለቱ የሚያድል፣ አንዱ ሲፈጥን ሌላው እንዲዘገይ የሚፈቅድ የጥርስ ስብስብ አለ። ጸባዩ የጠላ ቤት ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱንም ያስደስታል። ማርሽ ተቆልፎ ሳለ አንዱ ጎማ በክሪክ ከመሬት ሲነሣ ግን ዲፈረንሻሉ እንዲህ ይላል፤ አንተ መሬት ላይ ያለኸው ወደ ቁልቁለቱ ሂድ፣ አንተ አየር ላይ ያለኸው በተቃራኒው ዙር፣ ሒሳቡ ይጣጣማል። ማርሹ የያዘው ምንም ነገር የለም። ኃይሏ ከፊት በሆነ መኪና ላይ የፊት ጎማ ከተነሣ የሚያስቀራት ከኋላ ያለው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። የኋላ ጎማ ከተነሣ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ግማሹ አየር ላይ ነውና ማርሹ መግባት አለበት። ለዚህ ነው ሁለቱም፣ በላዩ ላይ ታኮው፣ ያውም በሰያፍ ከሚነሣው ጎማ ትይዩ። ጋሽ አሰብ ይህን በንዴት፣ በሁለት ቡጢያቸው እያዞሩ አስረዱ። ሎተሪ አዟሪው «እኔም ይህንኑ ነበር የምለው» አለ።

ብሎኖቹ መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ይላላሉ፣ ከዚያ ትነሣለች። ሲታሰሩ በተርታ አይደለም፤ አንዱ ከታሰረ ማዶ ያለው ይታሰራል፣ ቸርኬው እኩል እንዲቀመጥ። ቁልፉ ላይ ወጥቶ የሚዘል ጎረምሳ አለ። ብሎን ላይ መዝለል ጉልበት ማሳያ ነው፣ በኋላ ሲፈለግ የማይፈታ ወይም የሚበጠስ ብሎን ማምረቻ ነው። አስሮ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድቶ ደግሞ ማጥበቅ ይበቃል።

ስለ ፍሪሲዮን ብዙ አልልም፤ በአፍንጫ የሚታወቅ ትምህርት ነው። ቸርችል ላይ በመንገድ መጨናነቅ መሃል ፍሬን መርገጥ ሰንፎ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ የሚቆም ሰው ሸራው ሲቃጠል ያሸታል፣ ከዚያ መስኮቱን ዘግቶ «የማን መኪና ነው እንዲህ የሚሸተው?» ይላል።

ስለ ፎሌ ግን እላለሁ፤ ምክንያቱም የፎሌ ሃይማኖት ተከታዮች ብዙ ናቸው። ጣርማ በር ላይ ወይም ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ማርሹን ነቅለው በፎሌ ይለቁታል። «ነዳጅ እቆጥባለሁ» ይላሉ። የዛሬ መኪና ማርሽ ውስጥ እያለ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ቁልቁለቱ ራሱ ሞተሩን ስለሚያዞረው ኮምፒውተሩ ነዳጁን ከነጭራሹ ይዘጋል፤ በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ እየጠጣ ይወርዳል። ቆጣቢው ከፍሎ ነው የሚወርደው። በዚያ ላይ የመኪናው ክብደት በሙሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል፣ ሸራው ይግላል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ገደሉም እዚያው አጠገብ ነው። የጋሽ አሰብ ሕግ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ነው። አውቶማቲክ ለያዘ ኤል፣ ቢ ወይም 2 የሚሉት ቦታዎች የተሠሩት ለዚህ እንጂ ሕፃናት እንዲጫወቱባቸው አይደለም። «አሰብ ድረስ ስንት ጊዜ ወርደው ፍሬን አልበላብዎትም?» ስላቸው «ፍሬን ለፖሊስ ነው፣ ለቁልቁለት ማርሽ ነው» አሉኝ።

ነዳጅ ጠጪ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሰፈራችንም በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ወዳጄም ቪትዟን ሸጦ አንድ ቻይና ሠራሽ ይዞ መጣ። ጋሽ አሰብ በዝግታ ዞሩት።

«ፍሪሲዮኑስ?»

«የለውም ጋሼ።»

«ማርሹ?»

«የሚቀየር ማርሽ የለም። አንድ ብቻ ነው።»

«የሞተር ዘይቱስ?»

«አይፈልግም።»

ጋሽ አሰብ ሥራ ያጡ መሰላቸውና ፊታቸው ወደቀ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ጎማውን ሲያዩ ተመለሰላቸው። ባትሪው ከባድ ነው፣ መኪናው ከ2 ሺህ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ጭነት ዞሮ ዞሮ እነዚያው አራት መዳፎች ላይ ነው። ሞተሩ ኃይሉን ሳያመነታ በአንዴ ስለሚሰጥ መብራት ሲለቀቅ ነዳጅ መስጫውን የሚደቀድቅ ሰው ጎማውን በአስፋልት ላይ ይሞርደዋል። በር ምሰሶው ላይ ያለችው ወረቀት የምትጠይቀው ንፋስም ብዙ ጊዜ ከቪትዟ ይበልጣል። ዲፈረንሻሉ እንዳለ ነው፤ እሱን ቻይናም አላስቀረችውም።

«ተቀያሪ ጎማው የታለ?» አሉ ጋሽ አሰብ የኋላውን ከፍተው።

ወዳጄ አንዲት ትንሽ ኮምፕረሰርና አንድ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ አሳያቸው። ጠርሙሱን አገላበጡት፣ አሸተቱት።

«ይጠጣል?»

«ጎማው ውስጥ ይገባል ጋሼ። ሚስማር ሲወጋው ቀዳዳውን ይደፍነዋል።»

«ጎኑ ሲቀደድስ?»

ወዳጄ ወሬ ለወጠ። ጋሽ አሰብ መልስ እንደማያገኙ ሲያውቁ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንሥተው ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቁት። ወዳጄ ሳቀ። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በአንድ ቁልፍ የሚያዝ መሆኑን አስረዳቸው።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ከመብራት ጋር አይገናኝም። ከያዘ እንደያዘ ይቀራል።»

«በዚህ ሰፈር መብራት ሲጠፋ እንደያዘ የሚቀር ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ታዲያ ድንጋይዋን ላንሣት?»

«ተዋት» አሉ ጋሽ አሰብ። «እሷም መብራት አትፈልግም።»